አዲስ ቤት፣ ደሴ፦ ግድግዳው ረጥቦ ቀለሙ እየተላጠ ነው

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቤቱ ዳገት ተቆርጦ የተሠራ የብሎኬት ቤት ነው። ልስኑ ያለቀው ግንቦት መጨረሻ፣ ቀለሙ የተቀባው ሰኔ አጋማሽ ነው። አሁን በነሐሴ ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ቀለሙ ያብጣል፣ ይላጣል፣ ነጭ ዱቄት ያወጣል። የባሰው በዳገቱ በኩል ያለው ክፍል ነው። እዚያው ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ጥቁር ሻጋታ ወጥቷል። ቀለም ሻጩ «ውሃ የማያስገባ ቀለም ደርብበት» አለኝ። ያዋጣል?

መልስ 1፦
አብሽር ወንድሜ፣ ቀለሙን ግን አትደርብ። ውሃው ከግንቡ እየመጣ ከፊት ከደፈንከው ልስኑን ይዞ ይወርዳል። መጀመሪያ ምንጩን ለይ። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ላስቲክ ቁረጥና ዙሪያውን በፕላስተር አጥብቀህ ግድግዳው ላይ ለጥፍ፤ ሁለት ቀን ይቆይ። ጠብታው ከላስቲኩ ጀርባ፣ በግድግዳው በኩል ከሆነ እርጥበቱ ከግንቡ ነው። በክፍሉ በኩል ከሆነ የቤቱ እንፋሎት ቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ እየጤዘ ነው። አንዱን ታች፣ አንዱን ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ሞክር፤ ምክንያታቸው የተለያየ ይመስለኛል። ነጩ ዱቄት ውሃው አሟሙቶ ያወጣው ጨው ነው። በደረቅ ብሩሽ ጥረገው፤ ካጠብከው ተመልሶ ይሰርጋል።

መልስ 2፦
በዳገቱ በኩል ከባሰ ዋናው ሥራ ውጭ ነው። ግድግዳውን የተደገፈ አፈር ካለ ከወለሉ ደረጃ ቢያንስ 15 ሳ.ሜ ዝቅ እስኪል አንሳው። ከዚያ በግድግዳውና በዳገቱ መካከል 40 ሳ.ሜ ስፋት ያለው ቦይ ቆፍር፤ ከወለሉ 30 ሳ.ሜ ያህል ይውረድ፣ ከመሠረቱ ግርጌ በታች ግን በፍጹም አይለፍ። ጂኦቴክስታይል ጨርቅ (ውሃ አሳልፎ አፈር የሚያስቀር) አንጥፍ፣ 110 ሚ.ሜ የተበሳሳ ፒቪሲ ቱቦ በየ10 ሜትሩ 10 ሳ.ሜ እያዘቀዘቅህ አጋድም፣ የታጠበ ጠጠር ሙላና ጨርቁን ከላይ እጠፍበት። ጨርቁ ከቀረ ጥቁር አፈሩ ቱቦውን ይደፍነዋል። መውጫው ወደ ጎረቤት መሠረት እንዳይሆን። ከመሙላትህ በፊት የተገለጠውን ግንብ አንድ ሲሚንቶ በሦስት አሸዋ ለስነህ፣ ሲደርቅ ሁለት እጅ ሬንጅ ቀባው።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ቁፋሮውን አሁኑኑ ላስጀምር?

መልስ 2፦
የለም፣ ዝናቡ ይውጣ። አሁን ዳገቱ ውሃ ጠጥቷል፤ ከሥሩ ከቆፈርከው በሠራተኛ ላይ ሊናድ ይችላል። በበጋም ቢሆን ሁለት ሁለት ሜትር እየከፈልክ ሥራው። ሬንጅም እርጥብ ግንብ አይዝም። እስከዚያ አሸንዳውን አስተካክል፤ ከዳገቱ የሚወርደውን ጎርፍ ደግሞ ከላይ በኩል በትንሽ ቦይ ቀልብሰው።

መልስ 3፦
ስለ ውስጡ ልጨምር። ልስን ቢያንስ 4 ሳምንት ሳይደርቅ አይቀባም፤ በደሴ ክረምት ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ የራሱ የልስኑ ውሃም አለበት። የተላጠውን ቀለም ፍቀህ ግድግዳው እንዲተነፍስ ተወው። ታችኛውን አንድ ሜትር በጂብሰም አታስተካክል፤ እርጥበት ሲያገኘው ይፈረፈራል። ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው 10 ሳ.ሜ አርቀው፤ ቀን ቀን መስኮት ክፈት። ለማድረቅ ብለህ ግን ዝግ ክፍል ውስጥ ከሰል እንዳታነድ፤ ሰው ይገድላል።