የጋራ ሬንደር ክፍላችን ፕሮፖዛል፦ ማዘርቦርዱን በምን እንምረጥ?

ፀሐፊ፦ ሰላም አባላት እንዴት ዋላችሁ። ለሬንደር (ቪዲዮና አኒሜሽን አስልቶ ማውጫ) ክፍሉ የሚገዙት የ10 ዴስክቶፖች ፕሮፖዛል እስከ አርብ ማለቅ አለበት። ሲፒዩው (ዋናው ማስሊያ ቺፕ) ራይዘን 9 7950ኤክስ፣ ማቀዝቀዣው ዋተር ኩሊንግ ተብሎ ተይዟል፣ ማዘርቦርድ (ሁሉም የሚሰካበት ዋናው ቦርድ) ላይ ግን ረቂቁ "ጥራት ያለው" ብቻ ነው የሚለው፣ ይሄን ደግሞ አቅራቢው እንደፈለገ ይተረጉመዋል። ሀሳብ አምጡ።

ገንዘብ ያዥ፦ እኔ የምለው ርካሹ ኤ620 የሚባለው የማዘርቦርድ ዓይነት አይበቃንም ወይ? ሲፒዩው እንደሆነ ያው ነው፣ የተረፈው ብር ራም ይጨመርበት። በ10 ሲባዛ እኮ ቀላል ብር አይደለም።

ቴክኒክ ኮሚቴ፦ እህቴ ያልሽው ይገባኛል ብሩ የሁላችንም ነው፣ ግን እኔ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። የሰርግ ቪዲዮ ሬንደር አስገብቼ ተኛሁ፣ ጠዋት ያልቃል ያልኩት ስነሳ ገና ግማሽ ላይ ነው። ሲፒዩውን ሳየው 68 ዲግሪ፣ ምንም አልሞቀም፣ ፍጥነቱ ግን ከ4 ጊጋኸርዝ ወደ 2 ወርዶ አንዴ ብድግ ይላል አንዴ ይወድቃል። የሲፒዩውን ሙቀት ማስተላለፊያ ፓስታ ቀየርኩ፣ ፋኑን ጠረግኩ፣ ወይ ፍንክች። መጨረሻ ላይ ኬዙን ከፍቼ ሲፒዩው የሚሰካበት ሶኬት አጠገብ የተደረደሩትን ጥቃቅን ጥቁር ቺፖች ነካ ሳደርግ ጣቴን አቃጠለኝ። ሂትሲንክ የሚባል ሙቀት የሚያስወጣ ብረት የለባቸውም፣ ራቁታቸውን ናቸው። ቦርዱ ራሱን ለማዳን ሲፒዩውን እያነቀው ነበር ማለት ነው።

እነዚያ ቺፖች ቪአርኤም የምንለው ክፍል ናቸው፣ ከፓወር ሳፕላይ የመጣውን 12 ቮልት ሲፒዩው ወደሚፈልገው 1.2 ቮልት ገደማ የሚያወርዱት እነሱ ናቸው። 7950ኤክስ ወረቀት ላይ 170 ዋት ይባል እንጂ ሶኬቱ እስከ 230 ዋት ይሰጠዋል፣ በ1.2 ቮልት ብታሰሉት ወደ 190 አምፔር ነው። ቪአርኤሙ 90 ፐርሰንት ኤፊሸንት ቢሆን እንኳን 200 ዋት ሲያሳልፍ 22 ዋት እዛው ሙቀት ሆኖ ይቀራል፣ ይሄ የሬዲዮ ጠጋኝ ከሚበይድባት ካውያ የማይተናነስ ነው፣ እሱም ሬንደሩ እስኪያልቅ ቀን ከሌት።

የሞሽን አባል፦ እንደዛ ከሆነማ ብዙ ፌዝ (ጭነቱን የሚካፈሉ የቪአርኤም መስመሮች) ያለውን ቦርድ ገዝተን እንገላገል፣ ኤምኤስአይ ቢ650 ቶማሃውክ 14+2+1 ነው፣ አዝሮክ ቢ650ኤም-ኤችዲቪ 8+2+1። ቁጥሩ እኮ ይናገራል።

ቴክኒክ ኮሚቴ፦ ወንድሜ ቁጥሩ ብቻውን አይናገርም። የቶማሃውኩ 14 ሁለት ሁለት እየተጣመሩ በአንድ ትዕዛዝ የሚሰሩ ናቸው፣ እንደራሱ የሚታዘዘው 7 ነው። ጥቅም የለውም እያልኩ አይደለም፣ አምፔሩ በብዙ ቺፕ ሲከፋፈል እያንዳንዱ ብዙ ቀዝቀዝ ይላል፣ እያንዳንዳቸውም 80 አምፔር የሚችሉ ናቸው። ግን ፌዝ ቆጥሮ ሂትሲንኩን ሳያይ የሚገዛ ሰው ይሸወዳል። ሂትሲንክ ተብሎ የሚለጠፈው አንዳንዱ ቀለም የተቀባ ጌጥ ነው፣ እኛ የምንፈልገው ከባድ፣ የተሰነጣጠቀ፣ አየር የሚያልፍበት፣ ከስሩም ሙቀት አስተላላፊው ፓድ ቺፑን በደንብ የነካ ነው።

ሌላው ዋተር ኩሊንጉ። እሱ ሲፒዩውን ያቀዘቅዛል፣ ቪአርኤሙ ግን በተራ ፋን ጊዜ ከጎን ያገኝ የነበረውን ንፋስ ያጣል። ትልቅ ባለፋን ታወር ቢሆን ይሻለናል፣ ፓምፕ ሞተ ብለን የምንሯሯጥበትም ነገር አይኖርም።

የድሬዳዋ አባል፦ እኛ ጋ 3 ማሽን ይመጣል ብላችኋል አይደል፣ የናንተ ክፍል 22 ዲግሪ ሲሆን የኛ 35 ነው፣ አዲስ አበባ ቴስት አድርጋችሁ አለፈ ብትሉኝ ለኔ ምን ይጠቅመኛል?

ቴክኒክ ኮሚቴ፦ በጣም ትልቅ ነገር ነው ያነሳኸው፣ ረቂቁ ውስጥ ጭራሽ አልነበረም። በግርድፉ ክፍሉ በጨመረው ልክ ቪአርኤሙም ይጨምራል፣ እዚህ 80 ያሳየ እናንተ ጋ ወደ 93 ይሄዳል። እኛም ጋ ቢሆን ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆንን አየሩ ከባህር ጠረፉ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል፣ ፋኑ በዛው ፍጥነት ቢዞርም የሚወስደው ሙቀት ያንሳል፣ ስለዚህ ውጭ ሀገር የተሰራውን ቴስት እንዳለ መገልበጥ አንችልም። ካፓሲተሩንም (ቦርዱ ላይ ቮልቱን የሚያረጋጋውን) አስቡት፣ በ105 ዲግሪ 5,000 ሰዓት የተባለ ሶሊድ ካፓሲተር ያለማቋረጥ ከሰራ 7 ወር ነው፣ ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሲቀንስ ግን ዕድሜው አስር እጥፍ ይሆናል።

ገንዘብ ያዥ፦ እሺ አሳመናችሁኝ፣ ግን ብሩ ከየት ይምጣ?

ቴክኒክ ኮሚቴ፦ ከሲፒዩው። ራይዘን 9 7900 እናድርገው፣ 12 ኮር (ማስሊያ ክፍል) ያለው ነው፣ 65 ዋት ተብሎ ሶኬቱ ላይ ከ88 ዋት አያልፍም። 4 ኮር እናጣለን፣ ግን ደህና ሂትሲንክ ያለው መካከለኛ ቢ650 ሳይጨነቅ ይሸከመዋል፣ ዋተር ኩሊንጉም ይቀራል፣ መብራት ሲሄድ ዩፒኤሱም ረዘም ያቆየናል። ድሬዳዋም ያኔ አይከብድም።

የሞሽን አባል፦ 16 ኮር ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን 16 ሆኖ ከሚታነቅ 12ቱ ሙሉውን ቢሰራ ይሻላል። እስማማለሁ።

ፀሐፊ፦ እንግዲህ አንቀጹን እንዲህ ጻፍኩት፣ አስተካክሉኝ፦ "ማዘርቦርዱ ቢ650 ሆኖ በቪአርኤሙ ላይ በብሎን የታሰረ ሂትሲንክ ያለው፣ የቪአርኤም ሙቀት የሚያሳይ ሴንሰር ያለው ይሁን። 10ሩም ከመገዛታቸው በፊት 2 ናሙና ተወስዶ በተዘጋ ኬዝ ውስጥ ብሌንደር የተባለው የሬንደር ሶፍትዌር ለ1 ሰዓት ይሰራበታል፣ ክፍሉ 22 ዲግሪ ሲሆን ቪአርኤሙ ከ75 ካለፈ ወይም ፍጥነቱ ከወረደ ናሙናው ይመለሳል።"

የድሬዳዋ አባል፦ "ሁለተኛው ናሙና ድሬዳዋ ይፈተናል" የሚል ይግባበት።

ፀሐፊ፦ ገብቷል።

ገንዘብ ያዥ፦ ናሙና መመለስ የሚፈቅድ ሻጭ ማግኘት ነው ዋናው ስራ። ነገ ከሶስት ቦታ ፕሮፎርማ እሰበስባለሁ፣ መመለሱንም በጽሁፍ እንዲያሰፍሩልን እጠይቃለሁ። ከቴክኒክ አንድ ሰው አብሮኝ ይምጣ፣ ሂትሲንኩን አይቶ የሚለይልኝ።

ቴክኒክ ኮሚቴ፦ እኔ እመጣለሁ፣ 4 ሰዓት ላይ እንገናኝ።