የፖለቲካ መጽሐፍ በሰፈራችን ንባብ ቤት ይግባ ወይስ አይግባ?

አወያይ፦ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም የምንኖር ጎረቤታሞች በኮሚናሉ (በጋራ መጠቀሚያው ቤት) ንባብ ቤት ልንከፍት ብር እያዋጣን ነው። የመማሪያ መጽሐፍ ይገዛ በሚለው ሁሉም ተስማምቷል። ስለ ፖለቲካ፣ ስለ ሚዲያና ስለ ቴክኖሎጂ የተጻፉት ግን አከራከሩን። እዚሁ ግሩፓችን ላይ እንወያይበት፤ ምን ትላላችሁ?

የብሎክ 9 እናት፦ አይግባ። እዚህ የመጣነው ከየአቅጣጫው፣ በዕጣ ነው። ጎረቤቴን የየት አገር ሰው ነሽ ሳልላት ቡና እንጠጣለን። ፖለቲካ ከገባ ቡናውም ይቀራል። ልጆቹ ሒሳብና እንግሊዝኛ ያንብቡ፣ ይበቃቸዋል።

ጡረተኛ መምህር፦ እህቴ፣ ስጋትዎ ይገባኛል። ግን ፖለቲካው መቼ ከቤታችን ወጥቶ ያውቃል? በየልጁ ኪስ ስልክ አለ። ፍራንሲስ ሃውገን የምትባል የቀድሞ የፌስቡክ ሠራተኛ መስከረም 2014 ዓ.ም. በአሜሪካ ሴኔት ስትመሰክር የአገራችንን ስም ጠርታለች። ይዛ የወጣችው ሰነድ ብዙ ነገር አጋልጧል። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ድርጅቱ የቁጣዋን ፊት ጨምሮ የስሜት ምልክቶቹን ከላይክ 5 እጥፍ አድርጎ ይቆጥር ነበር። ያናደደ ጽሑፍ ብዙ ሰው ዘንድ ይደርሳል ማለት ነው። እኛ "ዘመኑ ከፋ" እያልን ስንተክዝ፣ ከጀርባ ቁጣውን የሚያራግብ ስሌት ነበር። ይህን የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ አያስረዳም። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ፣ ማን እንደሚወስን፣ ማን እንደሚጎዳ ከሥሩ አንስቶ የሚነግረን መጽሐፍ ነው።

የብሎክ 31 ሹፌር፦ ጋሼ፣ አከብርዎታለሁ። ግን ለዚህ ሕግ አለ አይደል? አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግርን ይከለክላል። ብራችን ለዋይፋይ ይዋል። መጽሐፎቹ እኮ በእንግሊዝኛ፣ ስለ ፈረንጅ አገር የተጻፉ ናቸው። ማን ይረዳቸዋል?

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦ አዋጁን ስንቶቻችን አንብበነዋል? ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ እስከ 3 ዓመት ሊታሰር ይችላል። እዚህ ግሩፕ ውስጥ እንኳ ሳናጣራ ስንቱን ሼር እናደርጋለን! ዋይፋይ ላልከው ደግሞ ወንድሜ፣ ከየካቲት 2015 ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ያለ ቪፒኤን (እገዳ ማለፊያ አፕ) 5 ወር ያህል እምቢ ብለውን ነበር። መጽሐፍ እንዲህ አይዘጋም። የቋንቋው ነገር ግን እውነትህን ነው። እኔ ራሴ አንዱን ገጽ ሦስቴ አነባለሁ።

የብሎክ 9 እናት፦ ያናደደ እንደሚቀድም አላውቅም ነበር። ከትልቁ ልጄ ስልክ ማታ ማታ የምሰማው ጩኸት ብቻ ነው። ቢሆንም ስጋቴ አልለቀቀኝም። አንዱን ወገን ብቻ የሚያወድስ መጽሐፍ ቢመጣ ማን ይከለክላል? መራጩስ ማነው?

ጡረተኛ መምህር፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ብቻዬን መምረጥ አልፈልግም። በአንድ ጉዳይ ላይ የሚቃረኑ ሁለት መጻሕፍት አብረው ይገዙ። እርስዎም ከመራጮቹ አንዷ ይሁኑ። የእንግሊዝኛውን እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ አንድ ምዕራፍ በአማርኛ እተርካለሁ።

የብሎክ 31 ሹፌር፦ እንዲህ ከሆነ አዋጣለሁ። የዋይፋዩን ነገር ግን አልተውኩትም።

የብሎክ 9 እናት፦ ከ9 ሰዓት በኋላ ከሆነ እመጣለሁ፣ ልጄንም ይዤው እመጣለሁ። ሽፋኑ ላይ የባለሥልጣን ፎቶ ያለበትን መጽሐፍ ግን አሁንም እቃወማለሁ።