የሞሮ ክሪስ ሰይፌ እጀታው ስር ተሰነጠቀ! ልመልሰው ወይስ ላስጠግነው?

ሜሪላንዱ፦
ሰላም ሰዎች፣ አስቸኳይ ነው። ዛሬ በፖስታ አንድ የሞሮ ክሪስ ደረሰኝ፣ ያ ሞገድ ሞገድ ያለው የደቡብ ፊሊፒንስ ሰይፍ። ከሰገባው ሳወጣው እጀታው ስር ያለው ሰፊ ብረት ተነቃነቀ። ጠጋ ብዬ ሳየው ከዳር እስከ ዳር መስመር አለው፣ ተሰንጥቋል። እሱን ከእጀታው ጋር የሚይዘው የናስ ማሰሪያም ላልቷል። ሻጩ የ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ የደማስቆ ብረት ነው ብሎኛል። መመለሻው ነገ ማታ ያበቃል። በኤፖክሲ ልለጥፈው? ላስበይደው? ወይስ ይመለስ?

ጎራዴ ወዳጅ፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ የያዝከውን እወቅ። ሞሮ የሚባሉት በደቡብ ፊሊፒንስ ያሉት የሚንዳናዎና የሱሉ ደሴቶች ሙስሊሞች ናቸው፤ ታኡሱግ፣ ማራናዎ፣ ማጊንዳናዎ የሚባሉት ሕዝቦች። ስፔን ፊሊፒንስን ከ300 ዓመት በላይ ስትገዛ እነሱን ሙሉ በሙሉ አላስገበረችም። ከዚያ አሜሪካ መጣች፣ ውጊያው እስከ 1913 እ.ኤ.አ. ዘለቀ። በ1906 እ.ኤ.አ. ሱሉ ውስጥ ቡድ ዳጆ ተራራ ላይ ሴቶችና ሕፃናት ሳይቀሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ። አሜሪካ ውስጥ የሚገኘው ክሪስ፣ ባሮንግና ካምፒላን (እነሱም የሞሮ ሰይፎች ናቸው) ብዙው ያኔ ወታደር ይዞት የመጣ ነው። ከሰይፉ ጋር ደብዳቤ ወይም ፎቶ ካለ እንዳትጥለው።

ቲጂ፦
ታሪኩ ደስ ይላል ጋሼ፣ ልጁ ግን እስከ ነገ ማታ ብቻ ነው ያለው!

ሚኪ ዳላስ፦
ሎሚ ቀባው፣ የብረቱ ጥለት ይወጣልሃል። እኔ ሁሌ ሎሚ ነው።

የብረት ልጅ፦
ሜሪላንዱ፣ ተረጋጋ። እሱ ስንጥቅ አይደለም። ያ ሰፊ ብረት ጋንግያ ይባላል። በድሮዎቹ ክሪሶች ለብቻው ተሠርቶ ነው ከስለቱ ጋር የሚገጠመው፣ ናሱ ደግሞ አሳንግ-አሳንግ ይባላል፣ ጋንግያውን አቅፎ የሚይዘው እሱ ነው። ከ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠሩት በአብዛኛው ወጥ ናቸው፣ መስመሩ ለይስሙላ የተጫረ ነው። ስለዚህ ያስደነገጠህ መስመር ሰይፉ ዕድሜ እንዳለው የሚናገር ነው። ብየዳ እንዳታስነካው! ሙቀቱ የብረቱን ጥንካሬም መልኩንም ያበላሻል። ኤፖክሲም ይቅር፣ የሚቀጥለው ሰው መፍታት አይችልም። ለጊዜው በጥጥ ክር ጠምጥመህ አስተኛው።

ሐያት ቤት፦
እኔ ክሪስ መሆኑንም እጠራጠራለሁ። ክሪስ የኢንዶኔዥያ አይደል እንዴ?

የብረት ልጅ፦
ዘመዳሞች ናቸው። የኢንዶኔዥያው፣ የጃቫ ደሴቱ፣ በአብዛኛው ለመውጋት የተሠራ ጩቤ ነው። የሞሮው ረዝሞና ሰፍቶ በሁለቱም ወገን ተስሎ ለመቁረጥ የተሠራ ሰይፍ ነው። ክብደቱ ብቻ ይነግርሃል።

ሚኪ ዳላስ፦
ሎሚ ብያለሁ።

ሜሪላንዱ፦
እሺ ስንጥቁን ተውት። የደማስቆ ብረት ያለውስ? ስለቱ ላይ ጅማት ጅማት የሚመስል ነገር አለ፣ ግን ደብዝዟል። ዝገትም አለው። ዋጋውን ያስወደደው እኮ እሱ ነው።

የብረት ልጅ፦
"ደማስቆ" የሻጭ ቋንቋ ነው። ጥለቱ የሚመጣው የተለያየ ብረት አብሮ ተቀጥቅጦ፣ አንዳንዴም እንደ ገመድ ተጠምዝዞ ሲዋሃድ ነው። አሁን የስለቱን ሁለቱንም ገጽና ጫፉን በባትሪ ብርሃን እየው። እውነተኛ ከሆነ ጅማቱ ሞገዱን ተከትሎ ይሄዳል፣ አንዱ ቦታ ይጠብባል፣ ሌላው ጋ ይሰፋል፣ ስለቱ በተሳለበት በኩልም ተቆርጦ ይታያል። ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ጥቁርና ነጭ ከሆነ ግን በአሲድ ላዩ ላይ የተሳለ ነው ብለህ ጠርጥር። ደብዛዛ መሆኑ አያስፈራም፣ ብዙ ጊዜ ለዘመናት ሲወለወል ነው የሚጠፋው። 18ኛው ክፍለ ዘመን ያለውን ግን አትመነው፣ ገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ የ19ኛውና የ20ኛው መጀመሪያ ናቸው።

ዝገቱን በቀጭን ዘይትና በጣም ደቃቅ በሆነ የብረት ሱፍ ቀስ ብለህ አንሳ። መፈግፈጊያ ማሽን አይነካውም። ይህንንም ሎሚውንም የምትሞክረው መመለሻው ካለፈ በኋላ ነው፣ አሁን ከነካካኸው ሻጩ አይቀበልህም። ስትሞክርም ስቡን በአሴቶን ጥረግ፣ ሎሚውን ቶሎ ቶሎ ቀባ፣ በውኃና በቤኪንግ ሶዳ እጠብ፣ ወዲያው አድርቀህ ዘይት። እጀታው ውስጥ አይግባ፣ ስለቱን የያዘው ሙጫ ነው፣ እርጥበት ከገባ ውስጥ ለውስጥ ይዝጋል።

ቲጂ፦
እኔ ብሆን ሻጩን አሁኑኑ ጽፌ "18ኛ ክፍለ ዘመን ያልከው በምንድን ነው?" እለው ነበር። መልስ ከሌለው ዋጋ ይቀንስልህ፣ ሰይፉ ግን አይመለስ።

ጎራዴ ወዳጅ፦
ቲጂ ልክ ናት። ሰገባውንስ አላሳየኸንም፣ አብሮት የተሠራ ነው ወይስ የሌላ? ሞገዶቹንም ቁጠር፣ ብዙ ጊዜ ጎደሎ ቁጥር ነው።

ሚኪ ዳላስ፦
ሜሪላንዱ አለህ? ምን ወሰንክ?

የብረት ልጅ፦
በቀን ብርሃን የመስመሩንና የስለቱን ሁለት ገጽ ፎቶ ላክ፣ ማታ ቤት ነኝ፣ አይቼ እነግርሃለሁ።