ኪላርኒ፣ ኬንሜር፣ ቤራ፦ ሦስት ቀን በኮርስ ብስክሌት፣ የቱ መንገድ ይሻላል?

ደብሊን_ኮርስ

ሰላም ወገኖች። ከነሐሴ 3 እስከ 5 (ኦገስት 9–11) ሦስት ቀን አለኝ። ከደብሊን በባቡር ኪላርኒ ወርጄ የኬሪን፣ በደቡብ ምዕራብ አየርላንድ ያለውን አውራጃ፣ መንገዶች በኮርስ ብስክሌት ማየት እፈልጋለሁ። ሐሳቤ ሪንግ ኦቭ ኬሪ የሚባለውን የዙር መንገድ፣ 179 ኪሎ ሜትሩን በሙሉ፣ ከፋፍሎ መዞር ነው። በቀን እስከ 90 ኪሎ ሜትር አይከብደኝም፤ ዳገትም አልፈራም። ክብደቴ 75 ኪሎ ነው። ብስክሌቱ የአሉሚኒየም ቸርኬና ቸርኬውን የሚይዝ ፍሬን ያለው ነው፤ ዲስክ አይደለም። ጎማው 25 ሚሊ ሜትር፣ ማርሹ ፊት 50/34፣ ኋላ 11–28።

ሙሉውን ዙር መዞሩ ይሻላል ወይስ ሌላ መንገድ ትጠቁሙኛላችሁ? የት የት ልቁም? ደግሞ ጉዞው ፍልሰታ ላይ ስለሚውል በገጠሩ የጾም ምግብ የሚገኝበትን የሚያውቅ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

ቁልቁለት

ሙሉውን ሪንግ ኦቭ ኬሪ በነሐሴ አልመክርህም። አስጎብኚ አውቶቡሶቹ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ፣ ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ ነው የሚዞሩት። ጠዋት ከኪላርኒ በኪሎርግሊን በኩል ወጥተው ከሰዓት በኋላ በስኒምና በሞልስ ጋፕ ይመለሳሉ። በሰሜኑ በኩል ያለው ኤን 70 መኪና በፍጥነት የሚነዳበት ዋና መንገድ ነው፤ ብዙ ቦታ ላይ ለብስክሌት የሚበቃ ዳር የለውም። በዚያ ላይ ከኦገስት 10 እስከ 12 ኪሎርግሊን ውስጥ ፐክ ፌር የሚባለው ዓመታዊ በዓል አለ። ከተማዋ በሰውና በመኪና ትጨናነቃለች፤ ያንተ ቀኖች ደግሞ እዚያው ላይ ወድቀዋል።

ከዋና መንገድ ይልቅ አር እና ኤል የሚል ምልክት ያላቸውን ጠባብ መንገዶች ይዘህ ኬንሜር ላይ ሁለት ሌሊት እደር። የአየርላንድ ገጠር ውበቱ ያለው እነዚህ መንገዶች ላይ ነው። ሰዓቱን በአገራችን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

የመጀመሪያው ቀን ወደ 45 ኪሎ ሜትር ነው። ከኪላርኒ ኬት ኪርኒስ ኮቴጅ ድረስ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ሜዳ ነው። ከዚያ በጋፕ ኦቭ ደንሎ ውስጥ በትንንሽ ሐይቆች ዳር፣ በሁለት ተራራ መካከል ትወጣለህ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ብትገባ የፈረስ ጋሪዎቹ ሳይበዙ ታልፋለህ። ፈረስ ከፊትህ ካለ ከሩቅ ድምፅህን አሰማ፤ ነጂው ሲያይህ ሰፋ አድርገህ ቀስ ብለህ እለፍ። የፈረስ ፋንድያ በእርጥብ አስፋልት ላይ እንደ ሳሙና ስለሚያንሸራትት ኩርባ ላይ ፍሬን አትያዝ፤ ከኩርባው በፊት ጨርስ።

ከጫፉ ወርደህ ብላክ ቫሊ ስትደርስ መገንጠያው ላይ ወደ ቀኝ ታጠፍ። ወደ ግራ ከሄድክ ሎርድ ብራንደንስ ኮቴጅ ጋ መንገዱ ያበቃል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ብላክ ቫሊ መብራት የገባለት በ1970ዎቹ ነው፤ ዛሬም ሱቅ የለውም፣ ስልክም እንደ ልብ አይሠራም። ካርታውን ቀድመህ ስልክህ ላይ አውርድ። ከሸለቆው ወደ አር 568 የሚያወጣው ዳገት አጭር ቢሆንም ኃይለኛ ነው፤ የመንገዱ መሃል ሣር ስለበቀለበት በጎማ መሄጃው ብቻ ሂድ። አር 568 ላይ ወደ ግራ ታጥፈህ ሞልስ ጋፕ ትደርሳለህ። ከዚያ ኬንሜር ድረስ 10 ኪሎ ሜትር ቁልቁለት ነው።

ሁለተኛው ቀን የጉዞው ዋና ነው፤ ቤራ የሚባለው ልሳነ ምድር ዙር፣ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከኬንሜር በኤን 71 ወደ ግሌንጋሪፍ፣ ከዚያ በአር 572 ወደ አድሪጎል፣ ሂሊ ፓስ በሚባለው የተራራ መሻገሪያ ወደ ሎራ፣ በአር 571 ወደ ኬንሜር። አቅጣጫውን አትገልብጠው። ነፋሱ ብዙ ጊዜ ከደቡብ ምዕራብ ነው የሚመጣው። በዚህ አቅጣጫ ፊት ለፊት የሚገጥምህ ጠዋት፣ ጉልበት ሳለህ፣ ከግሌንጋሪፍ እስከ አድሪጎል ነው። ከሎራ ወዲህ ጀርባህን እየገፋ ያስገባሃል። ተቃራኒውን የሄደ ሰው ከኬንሜር እስከ ሎራ ያለውን ከነፋስ ጋር እየታገለ ነው የሚሄደው።

ወደ ግሌንጋሪፍ ስትወጣ ጫፉ አካባቢ ከዐለት የተፈለፈሉ ዋሻዎች አሉ። መብራት የላቸውም፤ ከጣሪያቸው ውሃ ይንጠባጠባል። ከመግባትህ በፊት የፊትና የኋላ መብራትህን አብራ፣ ጥቁር መነጽርህንም አውልቅ፤ ከብርሃን ድንገት ስትገባ ዓይን እስኪለምድ ድረስ ጉድጓዱ አይታይም። የኬሪና የኮርክ ድንበር እዚያው ዋሻው ላይ ነው።

ግሌንጋሪፍ ላይ ቁም። ጊዜ ካለህ በጀልባ ጋርኒሽ ደሴት ይሻገራሉ፤ ጀልባዋ ድንጋይ ላይ የተኙ የባሕር ውሾች አጠገብ ታልፋለች። ጊዜ ከሌለህ ግን ሁለት ጠርሙስ ውሃ ሞልተህ ቀጥል፤ ከዚህ በኋላ እስከ ኬንሜር ድረስ በሱቅ አትተማመን።

ሂሊ ፓስ ከባሕር ጠርዝ ተነሥቶ 334 ሜትር ይወጣል። መንገዱ የተጀመረው በ1847፣ በድንች ረሀቡ ዘመን፣ ለተራቡ ሰዎች የጉልበት ሥራ ተብሎ ነው። ዳገቱ ረጋ ያለ ነው፤ ወደ ላይ ስትቃረብ ደግሞ እየተጠማዘዘ ስለሚሄድ በ34 ማርሽ ተቀምጠህ ትወጣዋለህ። ጫፉ ላይ ነጭ የስቅለት ሐውልት አለ። ወደ ኋላ የባንትሪ ባሕረ ሰላጤ፣ ወደ ፊት ግላንሞር ሐይቅ ይታይሃል። መቆም ያለብህ እዚያ ነው፤ ቁልቁለቱ ላይ ሆነህ ዕይታውን ልይ አትበል፣ በጎች አስፋልቱ ላይ ይተኛሉ። ሎራ ስትደርስ ድካም ካልተሰማህ በአር 571 ፈንታ አር 573ን ይዘህ በኪልማኪሎግ ወደብ ዙር። ትንሽ ይረዝማል፣ ግን ውሃ ውሃውን ነው የሚሄደው፤ በኋላ መልሶ ከአር 571 ጋር ያገናኝሃል።

ሦስተኛው ቀን በኤን 71 ወደ ኪላርኒ 32 ኪሎ ሜትር ነው። አውቶቡሶቹ በዚህ በኩል የሚመጡት ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጠዋት 2 ሰዓት ብትነሣ መንገዱ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ሌዲስ ቪው ላይ ሦስቱንም ሐይቆች አቅጣጫ ታያለህ፣ ወርደህ ደግሞ ቶርክ ፏፏቴ አለ። ፏፏቴው ከመንገዱ ጥቂት ደቂቃ በእግር ስለሆነ የብስክሌት ቁልፍ ያዝ። በብሔራዊ ፓርኩ ጫካ ውስጥ አስፋልቱ በዛፍ ጥላ ሥር ስለሚውል ዝናብ ካቆመ በኋላም እርጥብ ነው።

ማርሽ_ቤት

መንገዱ ጥሩ ተመርጧል። እኔ ስለ ብስክሌቱ ልጨምር።

25 ጎማ አይበቃህም። የአየርላንድ ገጠር መንገድ አብዛኛው ሬንጅ ላይ ጠጠር ተበትኖ የተዳመጠ ስለሆነ ሻካራ ነው፤ ቀኑን ሙሉ እጅህንና ወገብህን ያንቀጠቅጣል። ፍሬንህና ሹካህ የሚያስገባልህ ከሆነ 28 ግጠም፤ ከገጠምክ በኋላ በጎማውና በፍሬኑ መካከል ቢያንስ 4 ሚሊ ሜትር ክፍተት መኖሩን እይ፣ አለዚያ ጠጠር ገብቶ ይፍቀዋል። በ75 ኪሎ ክብደት ፊት 4.3፣ ኋላ 4.7 ባር አካባቢ ጀምር። እንደ ከተማው 7 ባር ብትሞላው በዚህ መንገድ ላይ ፍጥነት አትጨምርም፣ መዝለል ብቻ ነው።

ኋላ 28 ጥርስ ለሂሊ ፓስ ይበቃል፤ ከብላክ ቫሊ ለሚወጣው ግን 32 ብታደርግ ጉልበትህ ያመሰግንሃል። የኋላ ማርሽ መቀየሪያህ አጭር እጅ ያለው ከሆነ 32 ላይችል ይችላል፤ ከመግዛትህ በፊት የሚችለውን ትልቁን ጥርስ አረጋግጥ። ካሴት፣ ማለትም የኋላውን ማርሽ፣ ስትለውጥም የሰንሰለቱን ርዝመት ፊትም ኋላም ትልቁ ጥርስ ላይ አድርገህ ፈትሽ፤ ካጠረ መቀየሪያውን ይሰብረዋል።

የቸርኬ ፍሬን በዝናብ ጊዜ መጀመሪያ ውሃውን ጠርጎ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ረጅም ቁልቁለት ላይ ከእያንዳንዱ ኩርባ በፊት ቀደም ብለህ ለስለስ አድርገህ ንካው፣ ከዚያ ያዝ። ማታ ማታ የፍሬን ጎማውን አውጥተህ እይ። የአሸዋ ቅንጣትና የሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም ፍርፋሪ ተሰክቶበት ታገኛለህ፤ በመርፌ ንቀለው፣ ፊቱንም በአሸዋ ወረቀት ፋቅ ፋቅ አድርገው። ከተውከው ቸርኬህን እንደ ሞረድ ይበላዋል።

ስለ ጎማ መተንፈስ፣ ነሐሴ በአንድ በኩል ጥሩ ወር ነው። የመንገድ ዳር ቁጥቋጦ አጥር መቁረጥ ከማርች 1 እስከ ኦገስት 31 በሕግ የተከለከለ ነው፤ ወፎች ጎጆ የሚሠሩበት ጊዜ ስለሆነ። ከመስከረም ጀምሮ ሲቆረጥ እሾሁ መንገዱን ይሞላዋል። በበጋ የሚገጥምህ ሌላው ችግር አዲስ የተበተነ ጠጠር ነው። ምልክቱን ስታይ ቀስ በል፣ የመኪና ጎማ የጠረገውን መስመር ያዝ፣ አትጋደም። ሁለት የውስጥ ጎማ፣ ሁለት የጎማ መንቀያ፣ መለጠፊያና የእጅ ፓምፕ ይዘህ ሂድ። የከብት መከልከያ የብረት ርብራብ ሲገጥምህ ቀጥ ብለህ፣ ፍሬን ሳትይዝ፣ ከመቀመጫው ትንሽ ተነሥተህ እለፍ።

ደብሊን_ኮርስ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁንም። ሪንጉን ትቼዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ዲንግልን፣ ሌላውን የኬሪ ልሳነ ምድር፣ የሚያደንቅ ሰው ብዙ ነው፤ በቤራ ፈንታ እዚያ ብሄድስ?

ምዕራብ_ዳር

እኔን ከጠየቅከኝ ለባሕር ዕይታ ዲንግልን የሚያህል የለም። ስሌይ ሄድ የሚባለውን የባሕር ዳር ዙር ከዲንግል ከተማ ተነሥተህ በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ስትዞረው 47 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪናውም በዚያው አቅጣጫ እንዲሄድ ስለሚመከር ፊት ለፊት የሚመጣብህ ይቀንሳል። ግሌንፋሃን አጠገብ ጅረቱ በመንገዱ ላይ ነው የሚፈሰው፤ ሥሩ አልጌ ስላለው መሪህን ሳታዞር ቀጥ ብለህ እለፍ፣ ካልሆነም ውረድ። ኩሚኑል ባሕር ዳርና ዳንኩዊን ላይ ቁም፤ ከፊትህ የምታያቸው የብላስኬት ደሴቶች ናቸው፣ ትልቁ ላይ የቀሩት ነዋሪዎች በ1953 ነው እንዲወጡ የተደረገው። ቀጥሎ ጋላረስ የሚባለው ያለ ጭቃ በድንጋይ ብቻ የተካበ ጥንታዊ የጸሎት ቤት አለ፤ የኛ ሰው ሊያየው የሚገባ ነው።

ግን በሦስት ቀን ሁለቱን አትቀላቅል። ዲንግል ባቡር የለውም፤ ከትራሊ ጣቢያ በኮነር ፓስ በኩል 50 ኪሎ ሜትር ያህል ትነዳለህ። ኮነር ፓስ በሰሜኑ በኩል ጫፉ አካባቢ አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ፣ ዐለት ያንጠለጠለበት መንገድ ነው፤ ጉም ከያዘው አትግባበት። ለራሱ ሦስት ቀን ስጠው። ለአሁኑ ቀኖችህ ቤራ ነው ትክክሉ።

የኮርኳ

ስለ ጾሙ እኔ ልመልስ፤ እዚህ አገር ብዙ ሰው ሳያውቅ የሚገድፍባቸው ነገሮች አሉ።

ቡናማው ዳቦ፣ ሶዳ ብሬድ የሚሉት፣ በአሬራ ነው የሚቦካው። በየካፌው ከሾርባ ጋር የሚያቀርቡልህ እሱ ነው። ሾርባው ራሱ የአትክልት ቢባልም መጨረሻ ላይ ክሬም የሚጨምሩበት ብዙ ናቸው፣ ጠይቅ። ድንች ጥብስ አንዳንድ ቦታ በበሬ ሞራ ይጠበሳል። ማረፊያ ቤት ጠዋት የአጃ ገንፎ ስታዝ በውሃ እንዲሠሩልህ ከማታው ንገራቸው። «ቬጋን» በላቸው እንጂ «ቬጀቴሪያን» አትበል፤ በሁለተኛው ወተትና እንቁላል ይገባበታል።

ኬንሜር ትልቅ ሱፐርማርኬት አለ። ማታውኑ የኦቾሎኒ ቅቤ፣ ሁመስ፣ ተምር፣ ሙዝና ተራ ነጭ ዳቦ ገዝተህ የነገውን አዘጋጅ፤ ዳቦው ላይ የተጻፈውን አንብብ፣ ወተት ካለበት በደማቁ ይጻፋል። በሰዓት 60 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ብታስገባ ለዚህ ርቀት ይበቃሃል፤ አንድ ሙዝ 25 ግራም አካባቢ ነው፣ ሁለት ትልልቅ ተምር ደግሞ ወደ 35። የስፖርት ጄል አብዛኛው ጾም ነው፤ ፕሮቲን ባር ግን አብዛኛው የወተት ፕሮቲን አለበት። እስከ 9 ሰዓት የምትጾም ከሆነ የቤራን ዙር በባዶ ሆድ አትጀምረው፣ ወንድሜ። ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ስለሆነ አንደኛውን ቀን አጭሩን መንገድ ከሰዓት በኋላ ማድረግ ትችላለህ። የፈረስ ጋሪዎቹ ግን ይኖራሉ። ለሁለተኛው ቀን የንስሐ አባትህን አማክር።

ቁልቁለት

ሁለት ነገር ረስቼ ነበር። ባቡር ላይ የብስክሌት ቦታ ጥቂት ነው፤ ትኬቱን ስትቆርጥ አብረህ ያዘው፣ ለብስክሌቱ ተጨማሪ አይከፈልም። ከደብሊኑ ሂውስተን ጣቢያ ስትነሣ ብዙ ጊዜ ማሎ ላይ ባቡር ትቀይራለህ፤ ሻንጣህን አስቀድመህ ከብስክሌቱ ፍታ።

ሁለተኛው የአየሩ ጉዳይ ነው። ዋዜማውን የአየርላንድን የአየር ትንበያ ድርጅት፣ የሜት ኤረንን፣ ትንበያ እይ። ሽውታው ከ50 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ ከሆነ ወይም ተራራው ጉም ከለበሰ ዙሩን ተወው። ከኬንሜር በአር 571 ሎራ ድረስ ሂድ፤ ጉሙ ከተገለጠ ከሰሜኑ በኩል ሂሊ ፓስን ወጥተህ በዚያው ተመለስ። ወደ 60 ኪሎ ሜትር ይሆናል፣ ዋሻውም ይቀርልሃል።