የቀሩትን 4 ቡችሎች እንዴት ላድናቸው?

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው አዲስ አበባ፣ ኮተቤ ነው። ውሻዬ ዳማ ከ9 ሳምንት በፊት 6 ቡችሎች ወልዳ ነበር። ባለፈው ሳምንት ሁለቱ መብላት አቆሙ፤ አስመለሳቸው፤ ከዚያም ደም የተቀላቀለበት፣ ሽታው የሚሰነፍጥ ተቅማጥ ያዛቸው። አንዱን በማግስቱ ጠዋት ካርቶኑ ውስጥ ጆሮው ቀዝቅዞ አገኘሁት። የእንስሳት ሐኪሙ ፓርቮ (የውሻን አንጀት የሚያጠቃ ቫይረስ) ነው ብሎ ለሁለተኛዋ ቡችላ ግሉኮስ ሰጣት፤ ትናንት ማታ ውኃ መላስ ጀምራለች።

የጨነቀኝ የቀሩት 4 ናቸው። ጤነኛ ይመስላሉ፤ ግን አብረው ነው ያደጉት። የፓርቮ ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ላይ ተጀምሮ እስከ 16 ሳምንት ድረስ እንደሚደጋገም የሰማሁት ገና አሁን ነው። እኔ የማውቀው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትን ነበር፤ ዳማንም በየዓመቱ አስከትባታለሁ። አሁኑኑ ባስከትባቸው ይጠቅማቸዋል ወይስ ጥቂት ቀን ልታገሥ? ሲሚንቶውን በበረኪና አጥቤዋለሁ፤ አፈሩንስ ምን ላድርገው? ቫይረሱ አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል።

ሁለቱን ለጎረቤቶቼ ለመስጠት ቃል ገብቻለሁ። በሽታ ወደ ሰው ግቢ መላክ ግን አልፈልግም። ይህ የደረሰባችሁ ካላችሁ፣ ከስንት ቀን በኋላ እንደሰጣችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።