ክርክር፦ ሁሉም በማይገባበት አዳራሽ የምርምር ጉባኤ ይፈቀድ?

አወያይ፦ የዛሬው የጽሑፍ መከራከሪያችን ይህ ነው። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ለዓመታዊ የምርምር ጉባኤ በጀት ከመልቀቃቸው በፊት አዳራሹ ለአካል ጉዳተኞች መመቸቱን፣ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ መኖሩን፣ ጽሑፎቹ ሁሉም ሊያነብባቸው በሚችል መልክ መዘጋጀታቸውንና ከሩቅ መሳተፍ መቻሉን በግዴታ ያረጋግጡ? ወይስ ነገሩ ለአዘጋጆቹ በጎ ፈቃድ ይተው?

የጉባኤ አዘጋጅ፣ የግብርና መምህር፦ ግዴታ መሆኑን እቃወማለሁ። ጉባኤ አዘጋጅቶ የሚያውቅ ሰው ገንዘቡ የት እንደሚያልቅ ያውቃል፤ ለትራንስፖርት፣ ለአበል፣ ለሻይና ለምሳ፣ ለጥራዝ ሕትመት ከተከፈለ በኋላ የሚተርፍ ነገር የለም። በዚህ ላይ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚና የቀጥታ ሥርጭት ካልተሟላ በጀት አይለቀቅም ከተባለ፣ በተለይ አዳዲሶቹ ዩኒቨርሲቲዎች ጉባኤውን ይሰርዙታል። ያን ጊዜ አካል ጉዳተኛውም ሌላውም እኩል ያጣል። ደግሞም ጠንክሮ የሠራ ሰው አልቀረም። የአካል ጉዳተኞች መብት ተሟጋቿ የትነበርሽ ንጉሤ ዓይነ ስውር ሆና ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመርቃ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት እስከ መቀበል ደርሳለች።

ዓይነ ስውር የሕግ ተመራማሪ፦ ከእርስዎ ጋር የምለያየው ገና ከመነሻው ነው። ትልቁ እንቅፋት ገንዘብ የሚጠይቀው አይደለም። በቅርቡ ጥናት ላቀርብ በተጋበዝኩበት ጉባኤ የጥናቶቹ ጥራዝ በኢሜይል ተላከልኝ። ኮምፒውተሬ ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም አለው። የመጀመሪያውን ጥናት ስከፍት ዝም አለ፤ ገጾቹ በስካነር የተነሡ ምስሎች ስለነበሩ የሚያነበው አንድም ፊደል አላገኘም። ሁለተኛው የባሰ ነበር። በድሮ የግዕዝ መተየቢያ የተጻፈ ነው። በዚያ የተተየበ ጽሑፍ ለሚያይ ሰው ጥርት ያለ አማርኛ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን የላቲን ፊደላትና የሥርዓተ ነጥብ ምልክቶች ክምር ስለሆነ የሰማሁት ትርጉም የሌለው ጩኸት ነበር። በእኔው መድረክ ላይ ከእኔ በፊት ስለቀረበው ጥናት ጥያቄ ሲነሣ ጥናቱን ያላነበብኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት መለያ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ኤንቪዲኤ የተባለው ማንበቢያ በነፃ ይገኛል፤ አማርኛ የሚያነብ ነፃ ድምፅም አለ። ስለዚህ «ጥናታችሁን በዩኒኮድ ተይባችሁ፣ ምስል ሳይሆን ጽሑፍ አድርጋችሁ ላኩ» የሚል አንድ መስመር በጥሪው ላይ መጨመር ስንት ብር ያስወጣል? ይህንን እስካሁን በበጎ ፈቃድ ያደረገልን የለም። ግዴታ ይሁን የምለው ለዚህ ነው። የትነበርሽን በምሳሌነት ማንሣትዎ ግን አሳዝኖኛል። እርሷ የታገለችው በሩ ለሌላው እንዲከፈት ነው እንጂ ተዘግቶ እንዲቆይ ማስረጃ ልትሆን አይደለም።

ሲቪል መሐንዲስ፦ ስለ አዳራሹ የምንከራከረው በሕግ ባለቀ ነገር ላይ ነው። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በአንቀጽ 36 ማንኛውም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚያመች መግቢያ እንዲኖረው ካዘዘ ቆይቷል። አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት ያጸደቀችውም በ2002 ዓ.ም. ነው። የቀረው ማስፈጸም ነው።

በሥራዬ ደጋግሜ የማየውን ልናገር። ተዳፋት መወጣጫ አለ ይባላል፤ ሲታይ ዳገቱ ሰው ቢገፋም የማይወጣ ነው። ለአንድ ሜትር ከፍታ አሥራ ሁለት ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል፤ ቦታ ለመቆጠብ ሦስትና አራት ሜትር ላይ ይቆረጣል። አዳራሹ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ሊፍቱ ይቆማል፤ ጄኔሬተሩ ከሊፍቱ ጋር አልተያያዘም። ከሁሉም የሚያስቆጨኝ መድረኩ ነው። ተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚው ታዳሚ ይሆናል ብለን አስበን መግቢያውን እናስተካክላለን፤ ተናጋሪ ይሆናል ብለን ስለማናስብ ወደ መድረኩ የሚያስወጣው ደረጃ ብቻ ነው። ለክቡር እንግዳ ሪባንና ምንጣፍ የሚገዛ ጉባኤ የእንጨት መወጣጫ ለማሠራት ድሃ ነኝ ሊል አይችልም።

የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪ፦ ከሩቅ መሳተፍን በተመለከተ ዓለም አቀፉን ልምድ እንይ። እ.ኤ.አ. በ2018 ሞንትሪያል ላይ በተካሄደው ኒውሪፕስ በተባለው ትልቅ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ጉባኤ፣ ተመራማሪዎቹ ትምኒት ገብሩና ረድኤት አበበ የመሠረቱት ብላክ ኢን ኤአይ የተባለ የጥቁር ተመራማሪዎች ስብስብ ላዘጋጀው ዐውደ ጥናት የተመዘገቡ በርካታ አፍሪካውያን የካናዳ ቪዛ ተከለከሉ። አይሲኤልአር የተባለው የዚሁ ዘርፍ ሌላው ትልቅ ጉባኤ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 አዲስ አበባ ላይ እንዲካሄድ ተወስኖ ነበር። ኮቪድ መጣና ሁሉም ነገር በኢንተርኔት ሆነ፤ ቪዛ የማይጠየቅበት ጉባኤ ሆነ ማለት ነው። በኋላም በ2023 ኪጋሊ ላይ ተካሄደ። ሌላው ዓለም ለእኛ በሩን እንዲከፍት ስንጠይቅ፣ እኛም በአገር ውስጥ ጉባኤያችን መምጣት ላልቻለው መክፈት ይገባናል።

የጤና ተመራማሪ፣ ከክልል ዩኒቨርሲቲ፦ እዚህ ላይ አልስማማም፤ ግዴታውን ግን እደግፋለሁ። እኛ ዘንድ ኔትወርክ ለቀናት የሚጠፋበት ጊዜ አለ። «በኢንተርኔት ግቡ» ከተባለ በኋላ የጉዞ ወጪያችን ይሰረዛል ብዬ እፈራለሁ። ለአካል ጉዳተኛውም እንደዚሁ ነው፤ መወጣጫ ከመሥራት ሊንክ መላክ ይቀላል። ጉባኤ ግን ወረቀት ማንበቢያ ብቻ አይደለም። አብሮ የሚሠራ ሰው የሚገኘው፣ አማካሪ የሚተዋወቁት በሻይ ሰዓት ነው። ከሩቅ መሳተፍ ተሳታፊው ራሱ ሲመርጠው እንጂ አዘጋጁ ሲመርጥለት መሆን የለበትም። ሕፃን ይዘን ለምንመጣ እናቶችም የማጥቢያ ክፍል ይታሰብ፤ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ያዛል፤ ጉባኤ ሲሆን የሚረሳበት ምክንያት አይገባኝም።

መስማት የተሳነው መምህር፦ አስተርጓሚ እንደ ቅንጦት ሲቆጠር ስላየሁ ነው የምጽፈው። አንድ አስተርጓሚ ቀኑን ሙሉ መሥራት አይችልም፤ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ላይ እጁም አእምሮውም ስለሚዝል ሁለት ሆነው ይቀያየራሉ። ጽሑፉን ቀድመው ካላገኙ ደግሞ አዲስ የሳይንስ ቃል በተጠራ ቁጥር ፊደል በፊደል በጣታቸው ሊጽፉልኝ ይገደዳሉ። አንዱን ቃል ጽፈው ሲጨርሱ ተናጋሪው ሦስት ዐረፍተ ነገር ሄዷል። ስለዚህ አስተርጓሚ መክፈል ብቻ ሳይሆን ጽሑፉን አስቀድሞ መስጠትም ግዴታው ውስጥ ይግባ።

የጉባኤ አዘጋጁ፦ ሁላችሁንም አንብቤአለሁ። የጽሑፉ አዘገጃጀትና አዳራሹ ግዴታ ቢሆኑ ከእንግዲህ አልከራከርም። የአስተርጓሚው ወጪ ግን ከእያንዳንዱ ጉባኤ በጀት ሳይሆን ከዩኒቨርሲቲው ማዕከላዊ በጀት ይከፈል፤ አስተርጓሚም የሚጠራው ተሳታፊ በምዝገባ ቅጹ ላይ ሲጠይቅ ይሁን። ማንም ባልጠየቀበት ጉባኤ ሁለት ባለሙያ ማስቀመጥ ተገቢ አይመስለኝም።

መስማት የተሳነው መምህር፦ ስለ ማዕከላዊ በጀቱ እስማማለሁ። በቅጹ ላይ ግን አንድ ነገር ይጨመር፤ ጥሪው ሲወጣ «አስተርጓሚ ይኖራል» ተብሎ ይጻፍ። አስተርጓሚ እንደማይኖር ከልምድ የሚያውቅ ሰው ጭራሹን አይመዘገብም፤ አዘጋጁም ቅጹን አይቶ ጠያቂ የለም ይላል። እኔ ለዓመታት ሳልመዘገብ የቀረሁባቸው ጉባኤዎች መዝገብ ላይ ጠያቂ አልነበረም።