ከዜጌ የሚመጣ ደም ላይ ሲሲአር7 ለምን ይደበዝዛል?

ጣና ዳር፦ ሰላም ለሁላችሁ። የነጭ ደም ሴሎችን በፍሎው ሳይቶሜትሪ (ሴሎችን አቅልሞ በሌዘር በሚለይ መሣሪያ) እንመረምራለን። በኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ በሚያደርግ) ቲዩብ የተቀዳ ደም ጠዋት ከዜጌ በጀልባ ይመጣልናል፣ በበረዶ ሣጥን ተይዞ። 100 ማይክሮ ሊትሩ ላይ የሲዲ3፣ ሲዲ4፣ ሲዲ62ኤል (ቀለሙ ፒኢ) እና ሲሲአር7 (ቀለሙ ፒኢ-ሳይ7) አንቲቦዲዎችን፣ ማለትም በሴል ገጽ ላይ ያሉትን እነዚህን ፕሮቲኖች የሚይዙ ባለቀለሞችን፣ ባንዴ ጨምረን በ4 ዲግሪ 20 ደቂቃ እናቆያለን። ሲዲ3ና ሲዲ4 ፍንትው ብለው ይወጣሉ። ሲሲአር7 ግን ከኔጌቲቩ (ከሌለው ሴል) አይለይም። እዚሁ ባሕር ዳር የተቀዳውም ብዙ አይሻልም። ምን እናርግ?

ዓባይ ማዶ፦ ጀልባውን አትውቀሱ፤ 4 ዲግሪው ነው። ሲሲአር7 ከሴሉ ገጽ ወደ ውስጥ እየገባ ተመልሶ የሚወጣ ሪሴፕተር (መልእክት ተቀባይ ፕሮቲን) ነው። በቅዝቃዜ ምልልሱ ስለሚቆም አንቲቦዲው የሚያገኘው በዚያች ሰዓት ገጽ ላይ ያለውን ብቻ ነው፤ በ37 ዲግሪ ግን ብቅ የሚለውንም ይይዛል። መጀመሪያ ሲሲአር7ን ብቻ ጨምራችሁ በ37 ዲግሪ 15 ደቂቃ አቆዩ። ከዚያ ሌሎቹን ጨምሩና በክፍል ሙቀት 20 ደቂቃ፣ ጨለማ ውስጥ። ሶዲየም አዛይድ ያለበት ማጠቢያ በ37ቱ እርከን አይግባ፤ የሴሉን ጉልበት ያጠፋል። የቀይ ደም ሴል ማፍረሻው ፎርማልዲሃይድ ካለበት ደግሞ ከማቅለሙ በፊት እንዳትነኩት።

ሽምብጥ፦ እስማማለሁ፤ ግን በረዶውንም ተዉት። ሙሉ ደም ከ18 እስከ 25 ዲግሪ ይጓጓዝ፤ ፀሐይ እንዳይመታው ሣጥኑ ይበቃል። ለሲዲ62ኤል ደግሞ ፍጠኑ። ሴሉ ሲነቃቃ ኤዲኤኤም17 የተባለው ኢንዛይም ከገጹ ቆርጦ ይጥለዋል፤ የወደቀውን ምንም አንቲቦዲ አይመልሰውም። በመጣበት ቀን ሥሩት።

የፒኢ-ሳይ7 ጠርሙሱንም ጠርጥሩ። ብርሃን ካገኘው ጥንዱ ቀለም (የተጣመሩት ፒኢና ሳይ7) ይላቀቅና ፒኢ ብቻውን ያበራል። በእናንተ አደራረግ ይህ ማለት ሲሲአር7 ያለው ሴል ሁሉ ሐሰተኛ ሲዲ62ኤል ያሳያል። በፎይል ጠቅልሉት፤ ፍሪዘር ውስጥ ግን በጭራሽ።

ጣና ዳር፦ አመሰግናለሁ። ጌት (የፖዘቲቭና የኔጌቲቭ ድንበር) የምንቆርጠው በአይሶታይፕ (ዒላማ በሌለው መቆጣጠሪያ አንቲቦዲ) ነው፤ ይበቃል?

ዓባይ ማዶ፦ ለሲሲአር7 አይበቃም። ከሲሲአር7 በስተቀር ሁሉም ቀለም ያለበት ቲዩብ አዘጋጁ፤ እሱም በ37ቱ ይለፍ። ሲዲ4ን ከመቁረጣችሁ በፊት ሲዲ3 ፖዘቲቩን ለዩ፤ ሞኖሳይትም (ሌላ ዓይነት ነጭ የደም ሴል) ጥቂት ሲዲ4 አለው። ኮምፐንሴሽኑን (የቀለሞቹን መደራረብ ማስተካከያ) በዚያው ጠርሙስ አንቲቦዲ ሥሩ፤ ጥንድ ቀለም ከምርት ምርት ይለያያል።